መልስ

ቤታችን ከላይ ነው፣ ነዌ ዮሴፍ ጫፍ፤
ሐኪሟ ከታች ነው፣ ከወደቡ ደጃፍ፤
መሐል ላይ ደረጃ፣ መቶ ሰማንያ ስምንት፣
አልጋነሽ ጉልበቷን የገበረችለት።

እኔም ሠራሁላት ባለ ሦስት እግር ጋሪ፤
ወንበሩ የትምህርት ቤት፣ የአሮጌ ብስክሌት ባትሪ፣
ሞተሩ ከተጣለ ስኩተር የተፈታ፣
ብየዳው የራሴ፣ ከሥራ መልስ፣ ማታ።

ግሪሻ ጎረቤቴ አሳንሰር ጠጋኝ ነው።
የእሱም ዕብራይስጥ ሰባራ፣ የእኔም ሰባራ ነው፤
በሽቦ ስናወራ ግን አንሳሳትም።
ጎማውን በጣቱ አዙሮ አሳየኝ፦
«ዳገቱን ሲወጣ ሞተር ነው፣ ይጠጣል፤
ቁልቁለት ሲይዝ ግን ዲናሞ ይሆንና
ሁሉንም ባይሆንም፣ ጥቂት ይመልሳል።
ፍሬን ስትይዝበት መልስህን ቁጠር፣
ሱቅ እንደሄደ ሰው።»

መልስ! ደስ አለኝ።
ስንት ዳገት ወጣሁ፣ ማን መለሰልኝ?

እሑድ ማለዳ ነው። ባትሪው ሌሊቱን
ሲጠባ አድሮ ጢም ብሏል።
አልጋነሽ ተኝታለች፤ ብቻዬን ወጣሁ፣
አፋፉን አለፍኩ፣ ፍሬኑን ነካሁ።
ጎማው ያዝ አደረገኝ እንደ ወዳጅ እጅ።
ቆጣሪው ሃምሳ አምስት ቮልት።
ሃምሳ ስምንት።
ስልሳ ሁለት።
ጧ!
ከዚያ የተቃጠለ ዓሣ ሽታ።
ፊውዙ ሄደ፤
ፍሬኑም ከፊውዙ ጋር ሄደ፤
እኔም ሁለቱን ተከትዬ ሄድኩ።

እሳት ከሰማይ የወረደው በዚህ በቀርሜሎስ ነው፤
የእኔው ግን የተነሣው ከመቀመጫዬ ሥር ነው።
ያቆመኝ የማዘጋጃ ቤት የቆሻሻ ገንዳ፤
አንዲት ከርከሮ፣ ከነልጆቿ፣
ቀና ብላ አየችኝና
ወደ ቁርሷ ተመለሰች።

ግሪሻ ሳቀ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ።
«ሙሉ ነበር እኮ! ሙሉ ምን ይቀበላል?
መድረሻ ያጣ መልስ ያገኘውን ይበላል።
ታች የሚኖር ይሙላ፣ ዳገት ነው የሚጠብቀው፤
አንተ ግን ከላይ ነህ፣
ጎደል አድርገህ ውረድ፤
ወይም የሚቃጠል ነገር ስጠው፣ ይቃጠልበት።»

ያን ማታ ቡናማውን ሽቦ ስልጥ ትዝ አለኝ
ልጄ አሳፍ፣ ባለፈው ፋሲካ፣
የመጀመሪያ ደሞዙን በፖስታ አድርጎ
«ለጥርስህ ማሠሪያ» ሲለኝ።
«ሞልቶኛል» አልኩት። «ለራስህ አድርገው።»
ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ቆየና
ከልጁ ጋር ወጣ።
የሆነ ነገር ሸቶኝ ነበር የዚያን ዕለት፤
መስኮት ከፈትኩለት።

ከተጣለ ምድጃ ጠምዛዛውን ሽቦ ነቀልኩ፣
በተበሳሳ ቆርቆሮ ጠቀለልኩ፣
ከእግር ማሳረፊያው ሥር አሰርኩት።
ቮልቱ ሃምሳ ሰባት ሲደርስ
አንዲት ማብሪያ ቀጭ ትላለች፣
የተረፈው ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል፣
ይቀላል፣ ይነዳል፣
ባትሪውም አይፈነዳ፣ ፍሬኑም አይከዳ።
(ጎደል አድርጎ መሙላቱንም ለመድኩ።
ለአሳፍ ግን ገና አልደወልኩም።)

ታኅሣሥ ገባ። ዝናቡ ከባሕር
በጎን በጎን እየመጣ ይገርፋል።
አልጋነሽ ተቀመጠች፣ ዣንጥላ ይዛ፣ ፊቷን አኮማትራ፤
ይህን ጋሪ አንድ ቀን አመስግናው አታውቅም፤
«የሬሳ ሣጥን» ነው የምትለው።
ቁልቁለቱን ያዝን። ፍሬን። ቀጭ።
ከሥር ቀይ ብርሃን በቆርቆሮው ቀዳዳ
ጫማዋ ላይ ነጥብ ነጥብ ጣለ።
ዝም አለች።
በሁለተኛው መታጠፊያ ጫማዋን አወለቀች።
በሦስተኛው፣ ካልሲዋን።

ከታች፣ ክሊኒኩ በር ላይ፣ ጋሪው ቆመ፤
ቀዩ እየጠቆረ ሄደ።
ከዣንጥላው ሥር ዞር ብላ
«አለቀ እንዴ?» አለችኝ።
«ተራችን ገና ነው፤
እስቲ ውጣና
አንድ ጊዜ ደግመን እንውረደው።»